በ«አብሽር» የማይሽር ሽንፈት

ይድረስ ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
እንዲሁም በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልድያ ኳስ ለምታሳዩና ለምታዩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ሜዳ ላይ ሳንሸነፍ ስለተሸነፍንባቸው ጨዋታዎች

ወሎ ውስጥ ለከፋው ሰው የሚሰጠው ቃል አንድ ነው፤ አብሽር። ለታመመም፣ ፈተና ለወደቀም፣ አርሰናል ለተሸነፈበትም ያው አብሽር ነው። ተሯሩጦ፣ ተፋልሞ፣ ተበልጦ ለመጣ ሽንፈት ቃሉ ይሠራል። ሰውዬው ሻዩን ይጨርሳል፣ አሰልጣኙን ይረግማል፣ በሳምንቱ ያንኑ ማልያ ለብሶ ይመለሳል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው አብሽር ስለማይደርስበት ሌላ ዓይነት ሽንፈት ነው። እግር ሳይሆን እስክሪብቶ ያመጣው ሽንፈት፤ ቢጫ ካርድ ባለመቆጠሩ፣ ደንብ ባለመነበቡ፣ ስታዲየም መመዘኛ ባለማሟላቱ የሚመጣው።

የተከበራችሁ የፌዴሬሽኑ ኃላፊዎች፣

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከ2005 እንጀምር። ሰኔ 9፣ እሑድ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። በርናርድ ፓርከር ለደቡብ አፍሪካ አስቀድሞ አገባ፣ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፣ ከዚያ ያው ፓርከር ኳሱን በገዛ ራሱ መረብ ከተተልን። 2 ለ 1። የእኛ ነጥብ 13፣ የእነሱ 8፣ የቀረው አንድ ጨዋታ። ብንሸነፍና እነሱ ቢያሸንፉ እንኳ 13 ከ11 ይበልጣል። ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለሚያደርሰው የመጨረሻ ዙር አለፍን ተብሎ ሰው ጎዳና ወጣ። ጭፈራው ሳይበርድ፣ በዚያው ቀን፣ ፊፋ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ።

ስምንት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 1፣ ሎባትሴ ላይ ቦትስዋናን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ነበር። ምንያህል በዚያው ማጣሪያ ሁለት ቢጫ ስለነበረበት ያን ቀን መቀመጥ ነበረበት። ውጤቱ ተገልብጦ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተባለ። 13 የነበረው 10 ሆነ፣ 6 ሺህ የስዊስ ፍራንክ መቀጮም ተከተለ። በጊዜው በነበረው የዲሲፕሊን ደንብ የማይገባው ተጫዋች ላሰለፈ ቡድን 6 ሺህ ፍራንክ ዝቅተኛው መቀጮ ነበር። ስለዚህ ያከሰረን ብሩ ሳይሆን ሦስቱ ነጥብ ነው። እስከ ዛሬ በተጫዋቹ ላይ ጣት የምትቀስሩም ተዉ። ተጫዋች ግባ ሲሉት ይገባል፤ ካርዱን መቁጠር የሌላ ሰው ሥራ ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። በአንድ ማጣሪያ፣ በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች አንዳንድ ቢጫ ያየ ተጫዋች በዚያው ማጣሪያ የሚቀጥለው ጨዋታ ያልፈዋል። በአንድ ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካየ ቀይ ነው፤ እሱም የሚቀጥለው ያልፈዋል። በቀጥታ ቀይ የወጣ ቢያንስ አንድ ጨዋታ፣ እንደ ጥፋቱም ከዚያ በላይ ይቀመጣል። ቅጣቱ ራሱን በራሱ ይጀምራል እንጂ ደብዳቤ እስኪመጣ አይጠብቅም። «የሚቀጥለው» ሲባልም በቀን አቆጣጠር የሚቀጥለው ማለት አይደለም፤ በዚያው ውድድር የሚቀጥለው ነው። መሀል ላይ የወዳጅነት ጨዋታ ቢገባና ተጫዋቹ እሱን ቢቀመጥ ዕዳው አልተከፈለም።

ሲነበብ ቀላል ነው። የሚያሳስተው በካርዶቹ መካከል ያለው ጊዜ ነው። የምንያህል አንደኛው ቢጫ ግንቦት 2004 መጨረሻ ላይ ሩስተንበርግ ከደቡብ አፍሪካ ጋር 1 ለ 1 የወጣን ቀን የመጣ ነው። ሁለተኛው መጋቢት 2005 አዲስ አበባ ላይ ቦትስዋናን 1 ለ 0 ስናሸንፍ። በመካከሉ ከዘጠኝ ወር በላይ አለ። በዚያ ዘጠኝ ወር ቡድኑ ለአፍሪካ ዋንጫ ከቤኒንና ከሱዳን ጋር ተጋጥሟል፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለመድረኩ በቅቷል፣ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሦስት የምድብ ጨዋታ አድርጓል። በእነዚያ ጨዋታዎች የታየ ካርድ ለዓለም ዋንጫው ማጣሪያ አይቆጠርም፤ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ቢጫ ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫው ግርግር ስላለፈበት አይሰረዝም። ሁለቱን ውድድር በአንድ ገጽ የጻፈ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በጭንቅላቱ የያዘማ ጭራሽ።

ለነገሩ እኛ ብቻ አይደለንም። በዚያው ማጣሪያ ቶጎ ካሜሩንን 2 ለ 0 አሸንፋ አላይክሲስ ሮማኦ ቅጣት ላይ እያለ በመሰለፉ ተገልብጦባታል። ከሁሉ የሚያንገበግበው የኬፕ ቨርዴ ነው። ጳጉሜ 2፣ 2005፣ እኛ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን በ13 ነጥብ በጨረስንበት ቀን፣ ኬፕ ቨርዴ ቱኒዚያን በሜዳዋ 2 ለ 0 አሸንፋ አልፋ ነበር። ፈርናንዶ ቫሬላ የአራት ጨዋታ ቅጣቱን ሳይጨርስ ገብቶ ነበርና 3 ለ 0 ተፈረደባት፤ ያለፈችው ቱኒዚያ ሆነች። ኬፕ ቨርዴ ለዓለም ዋንጫ የበቃችው ጥቅምት 3፣ 2018 ነው። 12 ዓመት! እኛ በሁለት ነጥብ ለጥቂት አምልጠናል። ብራዛቪል ላይ ብንሸነፍ ኖሮ ቦትስዋናን 4 ለ 1 የረታችው ደቡብ አፍሪካ በ11 ለ10 ትበልጠን ነበር፤ የዚያ ዓመት ታሪክም «የቢጫ ካርዱ» ከመባል ሌላ ስም አይኖረውም ነበር።

ደቡብ አፍሪካ ራሷ ይህን ጽዋ ደጋግማ ጠጥታዋለች። መስከረም 27፣ 2004 ከሴራሊዮን ጋር 0 ለ 0 ወጥታ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍኩ ብላ ሜዳ ላይ ጨፈረች። ኒጀር፣ ደቡብ አፍሪካና ሴራሊዮን እኩል 9 ነጥብ ነበራቸው። በጎል ልዩነት ደቡብ አፍሪካ ትበልጣለች፤ ደንቡ የሚያየው ግን በመጀመሪያ እርስ በርስ ያደረጉትን ጨዋታ ነበር። ኒጀር አለፈች። ተጫዋቾቹ ጎል መፈለግ ሲገባቸው ሰዓት ሲያባክኑ ነበር የጨረሱት። መጋቢት 2017 ደግሞ ቴቦሆ ሞኮዬና በሁለት ቢጫ መቀመጥ ሲገባው ሌሶቶ ላይ ተሰለፈና መስከረም 2018 ላይ ሦስት ነጥብ ተነጠቀች። ዕድለኛ ናት፣ በወሩ ሩዋንዳን 3 ለ 0 አሸንፋ ለዓለም ዋንጫው አለፈች። ልምድ ያለው፣ ገንዘብ ያለው፣ ጽሕፈት ቤት የሞላው ፌዴሬሽን ከ12 ዓመት በኋላ በዚያው ጉድጓድ ከገባ «እኛማ ትምህርት ወስደናል» የሚል መልስ አያሳምነንም። ትምህርት የሚወሰደው በወረቀት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን የካርድ መዝገብ በአደባባይ እንዲለጠፍ ነው። አስቸጋሪ አይደለም፣ አንድ ገጽ ነው። ለእያንዳንዱ ውድድር የራሱ ገጽ ይኑረው፤ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ለብቻ፣ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ለብቻ፣ ቻን (በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር) ለብቻ። በአግድም የተጫዋቹ ስም፣ ጨዋታው፣ ቀኑ፣ ደቂቃው፣ የካርዱ ዓይነት፣ የሚያልፈው ጨዋታ፣ በመጨረሻም «ተቀምጧል» የሚል ዓምድና ቀን። ይቺ የመጨረሻዋ ዓምድ ናት ወሳኟ። ባዶ ሆና ሳለ የተጫዋቹ ስም ከአሰላለፉ ውስጥ ከተገኘ አንድ ሰው መጮህ አለበት። ጨዋታው ባለቀ ማታ የቡድን መሪው ከዳኛው ሪፖርት ጋር ያመሳክር፤ የቴሌቪዥን ተንታኝ በተናገረው አይሂድ። ምክንያቱም ግርግር ላይ ዳኛ ለማን ካርድ እንደመዘዘ በምስል ብዙ ጊዜ አይለይም፣ አሰልጣኝ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ካርድ ማየቱም ሳይስተዋል ያልፋል። ሁለተኛ ማመሳከሪያ የ23ቱ ስም ከመውጣቱ በፊት፤ ሦስተኛው ከጨዋታው በፊት ባለው ማታ። ሁለት ሰው ይፈርም፣ አንዱ ከአሰልጣኞቹ ወገን ያልሆነ። አሰልጣኝ ተጫዋቹን ስለሚፈልገው ዓይኑ ያልፈዋል፤ ሰው ነው።

ይህ ከተለጠፈ ነፃ ተቆጣጣሪ ታገኛላችሁ። ደሴ ፒያሳ ላይ ተቀምጦ የዋልያዎቹን ካርድ ከነደቂቃው የሚቆጥር ሰው ሞልቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ውሻው ጅቡ ሳይመጣ ይጩህ።

ሒሳብ ጠላታችን ብቻ አልነበረም፤ ይሄን መካድ አይገባም። ጥቅምት 4፣ 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር። ድምሩ 5 ለ 5፣ ያሳለፈን እዚያ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች ናቸው። መጋቢት 21፣ 2013 አቢጃን ላይ 3 ለ 1 እየተመራን ዳኛው ታምመው ጨዋታው ተቋረጠ፤ ማዳጋስካርና ኒጀር 0 ለ 0 በመውጣታቸው ካሜሩን ላይ ለተዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ደንብ ያነበበ ሰው በእነዚያ ሁለት ቀኖች ከሌላው ቀድሞ ነው የጨፈረው።

ሌላው የሜዳ ሽንፈት ነው። ጥቅምት 3፣ 2006 በኃይሉ አሰፋ አዲስ አበባ ላይ ናይጄሪያ መረብ ላይ ሲያስቀምጥ ብራዚል ትታየን ነበር። ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አንዴ በጨዋታ፣ አንዴ በ90ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አገባና 2 ለ 1። ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተጨመረ። አመመን፤ ግን ናይጄሪያ በወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን የነበረች ናት። አብሽር።

የ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫም እንደዚያው፤ እዚያ ግን ተጽፎ ሊያዝ የሚገባ ነገር አለ። ከዛምቢያ ጋር ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ፣ አዳነ ግርማ በአሥር ሰው አቻ አደረገን። ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ ሲሳይ ባንጫ በሁለት ቢጫ ሲወጣ ቅያሪያችን አልቆ ነበርና የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጥልቆ ቆመ። በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ደግሞ ያሬድ ባየህ ኬፕ ቨርዴን ስንገጥም በ12ኛው ደቂቃ ወጣ፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። በሁለት ውድድር ሦስት ቀይ፣ ሦስቱም ከኋላ መስመር። ከኋላችን ሰፊ ቦታ ትተን ከፍ ብለን ስንጫወት ኳስ ከጠፋ የመጨረሻው ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ማሳለፍ ወይም መጥለፍ። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ማሳለፍ ይሻላል። አንድ ጎል ተቆጥሮብህ በ11 ሰው 78 ደቂቃ መጫወት፣ 0 ለ 0 ሆነህ በአሥር ሰው 78 ደቂቃ ከመጫወት ይቀላል። ይህን ለወጣት ተከላካዮች ከታች ጀምሮ ማስተማር ከደንብ ማንበብ የተለየ ሥራ አይደለም።

የክለቡ ሕመም ደግሞ በየሳምንቱ ነው። ከወሎ ኳስ አፍቃሪ ግማሹ አርሰናል ነው ብንል የሚቃወመን ዩናይትድ ብቻ ነው። ለአርሰናል ሰው ግንቦት 9፣ 1998 ፓሪስን ማንሳት አያስፈልግም፤ ሌማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ወጥቶ፣ ካምፕቤል በግንባሩ አስቀድሞ፣ እስከ 76ኛው ደቂቃ መርተው ኤቶና ቤሌቲ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ገለበጡት። ነሐሴ 22፣ 2003 ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2። በፈረንጆቹ 2022/23 ለ248 ቀን መርቶ ሁለተኛ። ሊቨርፑል በፈረንጆቹ 2018/19 በ97 ነጥብ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፎ፣ ዋንጫ አጣ። የሊቨርፑሉ ጄራርድም የቼልሲው ቴሪም ተንሸራተው ዋንጫ አስመለጡ ይባላል፤ በክረምት ደሴን በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን በመንሸራተት አይፈርድም።

የዩናይትዱ የ2004 ግንቦት ለእኛ ጉዳይ ይቀርባል። የማንቸስተር ሲቲው አጉዌሮ በ93ኛው ደቂቃ ያገባት ሁሉም ሰው ጆሮ ላይ አለች። ሁለቱ ክለቦች 89፣ 89 ነጥብ ነበራቸው፤ የጎል ልዩነቱ ሲቲ 64፣ ዩናይትድ 56። ስምንት ጎል ነው። እና ጥቅምት 12፣ 2004 በኦልድ ትራፎርድ የተደረገውን 6 ለ 1 አስቡት። ያ ጨዋታ ብቻውን በሁለቱ መካከል የአሥር ጎል ልዩነት ፈጠረ። ዩናይትድ በአሥር ሰው ቀርቶ ጎል ፍለጋ ወጣ፤ 3 ለ 1 የነበረው ከ89ኛው ደቂቃ ጀምሮ በሦስት ጎል 6 ለ 1 ሆነ። ዋንጫው የጠፋው በግንቦት ነው ይባላል እንጂ መጥፋት የጀመረው በጥቅምት ነው። ለወሎ ክለቦች አሰልጣኞችም ይህን ነው የምንለው፤ በደርሶ መልስ ማጣሪያ ካልሆነ 2 ለ 0 ከተመራችሁ አምስት ደቂቃ ሲቀር በር ዝጉ። በሰኔ አንድ ጎል ስትፈለግ ያኔ የተዘጋው በር ይታወሳል።

ወልድያ በ2007 ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዓመቱ ወረደ፣ በ2009 ተመለሰ፣ በ2010 እንደገና ወረደ። ሦስት ዓረፍተ ነገር የማይሞላ ታሪክ ነው፤ ውስጡ ግን ስንት ቅዳሜ አለ።

አሁን ወደ ማሳያ ቤቶች። ሕመሙን የምትሸጡት እናንተ ስለሆናችሁ ቢያንስ በትክክል ሽጡልን። አንደኛ ሰዓት። በእንግሊዝ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመረው የቅዳሜ ጨዋታ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ገደማ እኛ ጋ ማታ 12 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ 11 ሰዓት ይሆናል። መጋቢት ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ በየዓመቱ ግማሹ ሰው ዕረፍት ላይ ይደርሳል። ወረቀት በር ላይ ለጥፉ። የቻምፒዮንስ ሊጉ በበጋው ሌሊት 5 ሰዓት፣ ከመጋቢት አጋማሽ ገደማ በኋላ 4 ሰዓት ነው። ጭማሪና ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ 5 ሰዓት የጀመረው ወደ 8 ሰዓት ይጠጋል፤ ለባጃጅ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ረመዳን በበጋ ሲገባ የ12 ሰዓቱ ጨዋታ ከመግሪብ ጋር ይገጥማል። ተምርና ውሃ በር ላይ ማስቀመጥ ብዙ አያስወጣም፣ ለሚጾመውም ለማይጾመውም ያምራል።

ሁለተኛ መብራት። ትልቅ ቴሌቪዥንና ዲኮደር ተደምረው ብዙውን ጊዜ 150 ዋት ገደማ ነው። ባትሪው ጤነኛ የሆነ ባለ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ ሩብ ሰዓት ይይዛቸዋል፤ ጄኔሬተር ለማስነሳት ያ በቂ ነው። ብዙ ቤት የሚሳሳተው ዩፒኤሱን ቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ ሰክቶ ዲኮደሩን በመተው ነው። ዲኮደር ጠፍቶ ሲበራ ቻናል እስኪይዝ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ጎል የሚገባው ያኔ ነው። ሁለቱንም ስኩ። አምፑል ባለው ፕሮጀክተር የምታሳዩ ደግሞ መብራት ድንገት ሲሄድ አምፑሉ እስኪቀዘቅዝ መልሶ እንደማይበራ እወቁ።

ሦስተኛ ዲሽ። ከጦሳ የሚወርደው ዝናብ ሲያይል ምስሉ የሚቆራረጠው ሞገዱ በዝናቡ ስለሚዳከም ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ዲሽ የያዘ ቤት ሲጨልም 90 የያዘው ያሳያል። ሳይዘንብም ከተቆራረጠ ብዙ ጊዜ ውሃ ገብቶ የሚገኘው ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለው መቀበያ) ላይ ካለው የኬብል ጫፍ ነው። ፈትታችሁ እዩት፣ መሐሉ ያለው መዳብ ከጠቆረ ቁረጡና እንደገና አስሩ፣ በጎማ ፕላስተር ጠቅልሉት፤ ኬብሉንም ከመግቢያው በታች አንዴ አጠፍ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ውሃው ከዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይሄድም።

አራተኛው የጩኸት ጉዳይ ነው፣ ይሄ እንኳ መፍትሔው በእጃችሁ ነው። በአንድ መንደር ሁለት ማሳያ ቤት አለ እንበል። አንዱ ጥራት ባለው ቻናል ያሳያል፣ አንዱ በተራ ቻናል፣ አንዱ ወጣት ደግሞ ጥግ ይዞ በስልክ ኢንተርኔት ያያል። ሥርጭቱ እኩል አይደርስም። በሁለቱ ቻናል መካከል የጥቂት ሰኮንድ ልዩነት አለ፤ የስልኩ ግማሽ ደቂቃም ይዘገያል። እናንተ ቤት ተጫዋቹ ፍጹም ቅጣት ምቱን ለመምታት ገና እየተንደረደረ ሳለ ከጎረቤት ጩኸት ይመጣል። ሃምሳ ሰው እግሩ ኳሱን ሳይነካ ውጤቱን ያውቃል። ከፍሎ የገባበትን ጭንቀት እንኳ ተነጠቀ ማለት ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቻናል ተስማሙ፤ ስልክም ይዘጋ።

ስለ ውርርድ አንድ ነገር ብለን እንለፍ። በአንድ ቲኬት ስምንት ጨዋታ ያሰረ ሰው እያንዳንዱ ጨዋታ 70 ከመቶ የሚገባ ቢሆን እንኳ ስምንቱም የሚገቡበት ዕድል 6 ከመቶ አይሞላም። «አንድ ጨዋታ አበላሸኝ» ብሎ የሚያለቅስ ሰው የተበላሸበት ጨዋታ አይደለም።

ወደ እናንተ እንመለስ። ሁለተኛው ጥያቄያችን የሜዳ ጉዳይ ነው። ኅዳር 2014 መጀመሪያ ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሜዳችንን ስላልፈቀደ ከጋና ጋር በሜዳችን ልናደርገው የሚገባንን ጨዋታ ጆሃንስበርግ ላይ አደረግን። ሰኔ 2፣ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስንረታ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበርን። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቧቸውን ሁለት ጎሎች በገዛ አገሩ ሳር ላይ ያየ አንድም ኢትዮጵያዊ የለም። ኅዳር 2016 ከሴራሊዮንና ከቡርኪናፋሶ ጋር «በሜዳችን» የተባለው ሞሮኮ ውስጥ ኤል ጃዲዳ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዓርብ ማታ ተነስቶ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በርዶት፣ ቅዳሜ ገብቶ፣ እሑድ አይቶ የሚመለስ ሰው ይህን መንገድ ስለለመደ አያማርርም። ወደ ኤል ጃዲዳ ግን አውቶቡስ የለም።

ካፍን እርግሙልን አንልም። የሚጠይቀው ታውቆ የተቀመጠ ነገር ነው። 105 በ68 ሜትር የሆነ የተስተካከለ ሜዳ፣ በሉክስ የሚለካ የሌሊት መብራት፣ ቁጥር ያለው የግል መቀመጫ፣ ለሁለቱ ቡድንና ለዳኞች የተለያየ መልበሻ ክፍል ሻወሩ የሚሠራ፣ የሕክምናና የዶፒንግ ምርመራ ክፍል፣ የጋዜጠኞችና የሥርጭት ቦታ፣ ሰው የሚቆጠርበት መግቢያ፣ በችግር ጊዜ ሕዝቡ የሚወጣበት በር። ከስታዲየሙ ውጭ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሆቴል፣ ሆስፒታል። አብዛኛው ኮንክሪት አይደለም፤ ቧንቧ፣ አምፑል፣ ወንበር፣ ቁጥር ነው።

ወልድያ ላይ በ2009 የተመረቀ፣ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስታዲየም አለ። ይህን የምንጠቅሰው ወሎዬ ስለሆንን ብቻ ነው የሚል ይኖራል፤ ትንሽ እውነት አለው። ግን ሐቁን እንናገር። ወልድያ በአውሮፕላን ማረፊያው ነጥብ ትቸገራለች፤ ኮምቦልቻ ያለው ማረፊያ 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ እንግዳ ቡድንም ያን መንገድ አይወደውም። የኢንተርናሽናሉ ደረጃ ካልደረሰ የሀገር ውስጥ ሊግና የወጣቶች ብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ለምን አይሰጠውም? እኛ የምንጠይቀው ፍርድ ሳይሆን ዝርዝር ነው። የእያንዳንዱ ትልቅ ስታዲየም፣ የአዲስ አበባው፣ የባሕር ዳሩ፣ የሐዋሳው፣ የወልድያው፣ በየመመዘኛው አለፈ ወይም አላለፈ ተብሎ ይጻፍ። «መብራት፦ አላለፈም፣ የሚጎድለው ይህን ያህል፣ የሚያሠራው እገሌ መሥሪያ ቤት፣ ቀኑ ይህ»። «እየተሠራ ነው» የሚለው መልስ ዓመታት ፈጀ፤ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ቧንቧ እንደሆነ ግን ሰው አያውቅም። ቢያውቅ ወንበር የሚገዛ ነጋዴ ደሴም ኮምቦልቻም አይጠፋም።

መዝገቡም ዝርዝሩም እስኪለጠፍ ድረስ በየማሳያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የራሳችንን ገጽ እንሰቅላለን። ስም፣ ጨዋታ፣ ቀን፣ ደቂቃ፣ ካርድ፣ የሚያልፈው ጨዋታ፣ ተቀምጧል። ዋልያዎቹ ለሚቀጥለው ማጣሪያ ስም ዝርዝር ባወጡ ማታ እናመሳክራለን፤ የማይገጥም ስም ካገኘን ጨዋታው ሳይደረግ በስልክም በደብዳቤም እንነግራችኋለን። ስልኩን የሚያነሳ ሰው ብቻ መድቡልን።

ከሰላምታ ጋር
ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ የኳስ ተመልካቾች

ግልባጭ
ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለወልድያ ከተሞች የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች
በየመንደሩ ላሉ ማሳያ ቤቶች (በር ላይ የሚለጠፍ)